«ፀረ ማርያም» ያላችኋቸው ሰዎች ሥዕሏን ያመጡልን ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጎርጎራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሐይቁን በደንብ ገልጻችሁታል፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን መሀል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ብዕር ያስነሳችኝ እሷ ነች። ካቶሊኮቹ «ፀረ ማርያም» ስለነበሩ ሕዝቡ አባረራቸው፣ ከድንጋይ በቀርም ትተውልን የሄዱት ነገር የለም ትላለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሻይ ቤት ብሰማው ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ነገ ተማሪ ይጠቅሰዋል፣ ከነገ ወዲያ አስጎብኚ ለእንግዳ ይናገረዋል፣ በቃ እውነት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ዘመን ስለ ሃይማኖት አፍ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «አንተስ የማን ነህ?» ስለሆነ መልሼ ልገላገል። ተዋሕዶ ነኝ። ጎንደር ተወልጄ፣ ቁስቋም ሥር አድጌ፣ ፍልሰታን ስጾም የኖርኩ ሰው ነኝ። ለካቶሊክ ጥብቅና አልቆምኩም፤ ጠበቃ የሚፈልጉም አይመስለኝም። የኔ ጉዳይ የጎንደር ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቀናቱ ላይ ግን የራሳችንን ወር ስጠራ አትደናገሩ።

ከተአምረ ማርያም ልጀምር። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ደቅስዮስን ያውቀዋል። እመቤታችንን አብዝቶ የሚወድ ጳጳስ ነበር። ተአምሯን ሰብስቦ በመጽሐፍ አዘጋጀ፤ እሷም መጽሐፉን በእጇ ይዛ ተገለጠችለት፤ ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእሱ በኋላ ወንበሩ ላይ በድፍረት የተቀመጠው ሰው ምን እንደደረሰበትም አንዴ የሰማ አይረሳውም። እንግዲህ ይህ ደቅስዮስ የየት አገር ሰው ነው? መጽሐፉ የጥልጥልያ ኤጲስ ቆጶስ ይለዋል። የዛሬዋ ቶሌዶ ናት፤ ስፔን ውስጥ። ሰውየው በላቲኖቹ ዘንድ ኢልዴፎንሶ የሚባለው፣ በ667 ያረፈው የቶሌዶ ጳጳስ ነው። ልብ በሉ፤ በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ እኛና ሮም ከተለያየንበት ከኬልቄዶን ጉባኤ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኖረ፣ ከሮም ጋር የነበረ ጳጳስ ነው። እኛ ደግሞ በዓሉን እናከብርለታለን።

በዓሉም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ብሥራት መጋቢት 29 ሲውል ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል፤ እንደ ልብ ለማክበር አይመችም። ስለዚህ ልደት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ይከበር ተባለ። ይህን በ656 የወሰነው ቶሌዶ ላይ የተቀመጠ የጳጳሳት ጉባኤ ነው፤ የመረጡት ቀን ዲሴምበር 18 ነበር። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 18 በኛ ስንት ቀን ይውላል? ታኅሣሥ 22። እኛ ብሥራተ ገብርኤል ብለን፣ ደቅስዮስን አብረን እየጠራን የምናከብረው ያንኑ ቀን ነው። አንድም ቀን ዝንፍ አላለም። ስፔን ውስጥ ጾም እንዳይነካ ተብሎ የተወሰነ ነገር ጎንደር ድረስ መጥቶ ቤታችን ገብቷል።

እንዴት መጣ ካላችሁ፣ የተአምሩ መጽሐፍ መሠረቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ የተሰበሰበ ነው። በመስቀል ጦርነቱ ዘመን ወደ ቅድስት አገር ወረደ፣ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፣ ግብፅ ገባ፣ ከዚያም በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ወደ 1400 ገደማ፣ ወደ ግእዝ ተተረጎመ። እዚህ ከደረሰ በኋላ እኛም የራሳችንን ተአምራት ጨመርንበት፤ የዳዊት ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ ደነገገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢየሱሳውያኑ፣ ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ አልመጡም። የመጀመሪያዎቹ የደረሱት በ1557 ነው።

ስለዚህ ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገራችን ሲገባ ማርያምን የማያውቅ ሕዝብ ዘንድ አልመጣም። እንዲያውም ከገዛ አገሩ ሰው ተአምር ጋር ነው የተገናኘው። ፓኤዝ በ1564 የተወለደው ማድሪድ አጠገብ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ነው፤ ከዚያ ቶሌዶ ሩቅ አይደለም። (እግረ መንገዴን፣ ፓኤዝን «ፖርቱጋላዊው» ያላችሁትም ስህተት ነው። ስፔናዊ ነው። ያኔ ሁለቱን አገር የሚገዛው አንድ ንጉሥ ስለነበር ነው ነገሩ የሚምታታው። እኛ ጎንደሬዎችም ከግንብ የተሠራውን ሁሉ «የፖርቱጋል ሥራ» ማለት ይቀናናል።) ለዓመታት የመን ውስጥ እስረኛ ሆኖ ተንገላቶ የመጣ፣ አማርኛና ግእዝ የተማረ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ ያየ፣ ሰው አክባሪ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስን ያሳመነው በትዕግሥት ነው። በ1622 አረፈ።

ከሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በ1625 ደረሰ፣ በ1626 ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ለሮም መታዘዙን በይፋ ማለ። ከዚያማ ምን ቀረ! የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይካን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረክ፣ ጾሙ ይቀየር፣ የበዓላቱ አቆጣጠር ይለወጥ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር፣ ግዝረት ይቅር። ሕዝቡን ያስነሣው ይህ ነው። አባትህ ክርስቲያን አልነበረም፣ ያጠመቀህም ቄስ አልነበረም ብትባል ምን ይሰማሃል? እነ ወለተ ጴጥሮስ ባልና ንብረታቸውን ትተው የተነሡት በዚህ ነው። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ወንድም ከወንድም ተላለቀ፤ ሱስንዮስ አሸነፈ፣ ግን አሸንፎ ሲያበቃ የገዛ ሕዝቡን ሬሳ አይቶ ልቡ ተሰበረ፣ የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፣ በዚያው ዓመትም ሞተ። አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

የጠቡን ምክንያት አንድ በአንድ ቁጠሩት። ማርያም የለችበትም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነው፣ ስለ ቅዳሜ ነው፣ ስለ ጥምቀት ነው፣ ከሁሉም በላይ ስለ ግዳጅ ነው። እመቤታችንን በማክበር የተጣላ ሰው አልነበረም።

ታዲያ «ፀረ ማርያም» ከየት መጣ? ይሄ ከጦርነቱ በኋላ የበቀለ ስድብ ነው። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካስወጣ በኋላ በሩን ዘጋው፤ በምፅዋና በሱዋኪን ካሉት የቱርክ ሹማምንት ጋር ሳይቀር ተስማምቶ ካህናት እንዳይገቡ አደረገ። ፈረንጅ የሚያይ ጠፋ። የማይታይን ሰው ደግሞ እንዳሻህ ነው የምታወራለት። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የሚባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ተሰቅለው ተገደሉ። በ1716 ደግሞ ሊቤራቶ ቫይስ፣ ሳሙኤል ማርዞራቲና ሚኬሌ ፒዮ ፋሶሊ የሚባሉ ሦስት ፍራንቸስካውያን እዚሁ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ፤ ሲወገሩም «የማርያም ጠላቶች» ተብለው እንደነበር ይተረካል። መቁጠሪያ ይዘው፣ ስሟን እየጠሩ የኖሩ ሰዎች የእሷ ጠላት ተብለው ተገደሉ። ካቶሊኮች ሁለቱን በ1905፣ ሦስቱን በ1988 ብፁዓን ብለዋቸዋል። በጎንደር ከተማ ግን የት እንደወደቁ የሚያሳይ አንድ ምልክት አላየሁም። እናንተም ጽሑፋችሁ ውስጥ አላነሣችኋቸውም፤ ስድቡን ብቻ ነው ያነሣችሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሥዕሉ።

ምስለ ፍቁር ወልዳን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። ሰማያዊ መጎናጸፊያ ለብሳለች፣ ትከሻዋ ላይ ኮከብ አለ። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተደራርቧል፣ ሁለት ጣቶቿ ወደ ታች ተዘርግተዋል፣ በእጇ መሐረብ ይዛለች። ልጁ መጽሐፍ ይዟል፣ በቀኙ ይባርካል። ከኋላ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው ቆመዋል። ይህን ሥዕል ጎንደር ውስጥ ያላየ ሰው ጎንደርን አላየም ማለት ነው።

ከሚካኤልና ገብርኤል በስተቀር ያ ሁሉ የአሣሣል ሥርዓት የተቀዳው ሮም ካለ አንድ ሥዕል ነው። በቅድስት ማርያም ዐቢይ ባዚሊካ፣ እነሱ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚሉት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ እጅግ ጥንታዊ ሥዕል ነው፤ የሮማ ሕዝብ በወረርሽኝ ጊዜ እየተማጸነው የኖረ። እንዲገለበጥ አይፈቀድም ነበር። በ1569 የኢየሱሳውያን አለቃ ፍራንቸስኮ ቦርጃ ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝቶ አስቀዳው፤ ቅጂዎቹም ማኅበሩ በሚሠራበት አገር ሁሉ ተላኩ። ሕንድ ሄዷል፣ ቻይና ሄዷል፣ እኛም ዘንድ መጥቷል።

ሌላው አገር ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ እኛ ግን የራሳችን አደረግነው። ሰዓሊዎቻችን ፊቷን ወደ ዓይናማ የሐበሻ ፊት ለወጡት፣ መላእክቱን ጨመሩ፣ ጥለቱን አሳመሩ። መሐረቡን ግን አልነኩትም። መሐረቡ በሮም ዘመን የክብር ምልክት ነበር፣ ባለሥልጣን በእጁ የሚይዘው። እዚህ ብትጠይቁ «ልጇ ሲሰቀል እንባዋን የጠረገችበት ነው» የሚላችሁ አታጡም። እኔ ይህን አነጋገር እወደዋለሁ፤ ማንም ሳያስረዳን በገዛ ልባችን ነው የተረጎምነው።

የሚገርመው ነገር ጊዜው ነው። ፋሲል በ1665 የፈረንጆቹን መጻሕፍት አስቃጥሏል። ሥዕሉ ግን በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው በየቤተ ክርስቲያኑ የተስፋፋው። መጽሐፉ እሳት ገባ፣ ሥዕሉ መቅደስ ገባ። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠራች፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። ናርጋ ስትሄዱ ምንትዋብን ራሷን ታገኟታላችሁ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ። የተደፋችላት እመቤታችን በዚያው በሮማው ዓይነት የተሣለችው ናት። የጎንደር ነገሥታት ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት፣ የሚማማሉበት ኲርዓተ ርእሱም በአውሮፓ እጅ የተሣለ የጌታ ሥዕል ነበር፤ እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ ወሰዱት። «ከድንጋይ በቀር የተዉት የለም» ስትሉ እነዚህን ሁሉ የት አድርጋችኋቸው ነው?

ዛሬስ? አንድ ቀን ክብረ በዓል ላይ የቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ቁሙና የሚሸጠውን ፖስተር ተመልከቱ። ከሁለት እጇ ብርሃን የሚወርድ፣ እባብ የረገጠች፣ ነጭ የለበሰች ማርያም አለች። ግማሹ ባጃጅ መስታወቱ ላይ ለጥፏታል። ያቺ በ1830 ፓሪስ ላይ ካትሪን ላቡሬ ለምትባል የፍቅር ልጆች ማኅበር እኅት ተገለጠች የሚባልላት፣ በሜዳሊያ ላይ የተቀረጸችው ናት። መምህራኖቻችን «ይሄ የኛ ሥዕል አይደለም» ብለው ይቆጣሉ፤ ልክ ናቸው፣ የራሳችን እያለን ለምን? ግን ባለባጃጁ እሷን ለጥፎ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ካቶሊክን «ፀረ ማርያም» ሲል መስማት ያስቃል።

የፍቅር ልጆችን ማኅበር የመሠረተው ቪንሴንት ደ ፖል ካቋቋመው የካህናት ማኅበር የወጣ ሌላ ሰው ደግሞ እኛ ጋ መጥቷል፤ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ። ጣልያናዊ ነው፣ በ1839 ገባ። ሜንዴዝ ያበላሸውን የተረዳ ይመስላል። የሐበሻ መነኩሴ ልብስ ለበሰ፣ ቋንቋችንን ተማረ፣ የግእዙን ሥርዓት ተቀበለ። ዛሬም በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊኮች ውዳሴ ማርያምን እንደኛው ይደግማሉ። ከሱ ጋር የተቆራኘው የኛ ሰው አባ ገብረ ሚካኤል ነው። ጎጃም መርጡለ ማርያም አካባቢ በ1791 ተወለደ፣ አንድ ዓይኑ ከልጅነቱ የጠፋ፣ እዚህ ጎንደር ተምሮ ያስተማረ ሊቅ። እውነተኛውን ትምህርት ፍለጋ ካይሮና ሮም ድረስ ሄዷል። በ1844 ካቶሊክ ሆነ። በኋላ ሁለቱም ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ ደ ያኮቢስ ተባረረ፣ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት እንደታሰረ ከቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጎተት በ1855 በመንገድ ሞተ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላዋለች። የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው፣ የማርያምን ስም እየሰማ ያደገ። እሱም ነው እንግዲህ ፀረ ማርያም?

ሕያው የሆነውን የካቶሊክ የማርያም ንግሥ ማየት የሚፈልግ ሰው ጎርጎራ ሳይሆን ኤርትራ፣ ከረን ነው መሄድ ያለበት። ከከተማው ወጣ ብሎ ማርያም ደዓሪት የምትባል ቦታ አለች። ትልቅ የባኦባብ ዛፍ ናት፤ ግንዷ ውስጥ መቅደስ አለ፣ በውስጡም የእመቤታችን ምስል ቆሟል። በ1941 ጦርነት ጊዜ የጣልያን ወታደሮች ዛፏ ውስጥ ተሸሽገው ከእንግሊዝ ቦምብ ተረፉ ይባላል። ሰው ከየቦታው የሚተመው በሜይ 29 ነው። አሁንም አቆጣጠሩን ወደኛ መልሱት፤ ግንቦት 21 ይሆናል። ደብረ ምጥማቅ! እኛ እመቤታችን ለአምስት ቀን በብርሃን ተገለጠችበት ብለን የምናነግሥበት ቀን። ከረን ያለው ካቶሊክና ጎንደር ያለው ተዋሕዶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስም ነው የሚወጡት።

ወደ ጎርጎራ ልመለስና ላብቃ። ማርያም ግንብን «ፓኤዝ ያሠራው የፖርቱጋሎች ቤተ መንግሥት» ብላችሁ ፎቶው ሥር ጽፋችኋል። በአንድ መስመር ሦስት ስህተት። ፓኤዝ ፖርቱጋላዊ አይደለም ብያለሁ። አሁን ፍርስራሹ የሚታየው ሕንፃ ከ1626 በኋላ የተሠራ ነው፤ ፓኤዝ ያኔ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ቤተ መንግሥትም አይደለም፤ ኢየሱሳውያኑ ይኖሩበት የነበረው ግቢ ውስጥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ ወዲህ ቦታውን በእመቤታችን ስም የሚጠራው የአካባቢው ሰው ነው፤ የጠላቷ ቤት መስሎት ቢሆን ኖሮ ስሟን አይሰጠውም ነበር።

ሕንፃው ደግሞ እየሄደ ነው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ቆፍረው ለክተው አጥንተውታል፤ እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘው ግን አላየሁም። በየክረምቱ ዝናቡ ኖራውን ያጥበዋል፣ ሥር እየሰደደ ዛፉ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። ከጣሪያው የተረፈው ላይ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠሩ አበቦች አሉ፤ እንደነሱ ያለ ፋሲል ግንብ ውስጥ እንኳ አላየሁም። የእናንተ ፎቶ አንሺ ከሩቅ፣ ከጀልባ ላይ ነው ያነሣው፤ አበቦቹ አይታዩም። መንገዱ ሰላም ሲሆን መልሳችሁ ላኩት፤ ወርዶ፣ ውስጥ ገብቶ፣ ቀና ብሎ ያንሣ። የፎቶውን መግለጫና ያቺን «ፀረ ማርያም» የምትለዋን ደግሞ በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር